እሳት ያልነካው ጉንጭ

ነጅዋ ከሚንተከተከው በርሜል አንድ እርድ በጭልፋ አወጣችና በስንጥር ወጋችው። ስንጥሩ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። እርዱን መልሳ ወደ ውሃው ጣለችው። ገና ነው። እርድ በደንብ ሲበስል ስንጥር ያለ ትግል ያልፍበታል። ከዚያ በፊት ካወጡት ሲደርቅ መሃሉ ይጠቁራል፤ ካለፈበት ደግሞ ይልፈሰፈስና ነጋዴ ዘወር ብሎ አያየውም።

«ስንቴ ትወጊዋለሽ? እሱ ምን በደለሽ?» አለች ሆሳዕና፣ ፍልጥ ተሸክማ እየመጣች። ሆሳዕና የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ቴፒ ባለ ግቢ አብረው እርድ ይቀቅላሉ። «ትናንት የመጡትን ሽማግሌዎች ብትወጊ ይሻልሽ ነበር።»

ነጅዋ አልሳቀችም። ፍልጡን ተቀብላ ከበርሜሉ ሥር አስገባች።

ትናንት ሐጂ ሙሐመድሳኒ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከሚዛን መጥተው ነበር። ከዓመት በፊት ለሻሚል ሊጠይቋት የመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያኔ ሳቁ፣ በሉ፣ መረቁ። ትናንት ግን ሐጂ ከተቀመጡበት ጫፍ ሳይደላደሉ «የልጁ ቤት እጁን አንስቷል» አሉ። «ምክንያት አይጠየቅም፣ አይነገርም። ሻሹን ስጡንና በሰላም እንሂድ።»

ሻሹ የቃል ሻሽ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር አለው። በነጅዋ ቤተሰብና በሻሚል ቤተሰብ ወግ፣ ልጅቷ እሺ ስትል የልጁ እናት ሻሹን በገዛ እጇ ራሷ ላይ ታደርግላታለች። ቃል የፈረሰ ቀን ሻሹ ታጥፎ በሽማግሌ እጅ ይመለሳል። የነጅዋ እናት ረቢያ እንባዋን እየዋጠች ሻሹን ልታመጣ ስትነሳ፣ ነጅዋ ከመጋረጃው ኋላ ተናገረች።

«ያለበሱኝ እትዬ ሹክሪያ ናቸው። ያወለቁልኝ ዕለት ይመለሳል።»

ሐጂ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

«እውነት ልትሄጂ ነው?» አለች ሆሳዕና።

«እሄዳለሁ።»

«ሚዛን ሱቋ ድረስ? እሷ ሴትዮ በሜትሯ ብትገርፍሽስ?»

«ትግረፈኝ። ፊት ለፊት ይሁን እንጂ።»

የሻሚል እናት ሹክሪያ ድሮም አልወደደቻትም። «የእርድ ቀቃይ ልጅ» ማለቷ ቴፒ ድረስ ተሰምቷል። ሻሚል ግን በየሳምንቱ እርድ ሊያይ ነው እያለ ይመጣ ነበር፤ እርዱን ግን አያየውም ነበር። በመጨረሻ እናቱ ተሸነፈች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ባለፈው በጋ፣ እዚሁ በርሜል ሥር። እንጨቱን ዝናብ መትቶት እምቢ ብሎ ነበር። አንድ የቀን ሠራተኛ ቤንዚን ቢያርከፈክፍበት እሳቱ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰ። ሠራተኛው ጀሪካኑን ጥሎ ሮጠ፤ የወደቀው ረቢያ እግር ሥር ነበር። ሻሚል በግራ እጁ አንስቶ ወረወረው። ሲወረውረው የሚነደው ቤንዚን ክንዱ፣ ደረቱና የግራ ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ጅማ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኛ። ከጭኑ ቆዳ ተወስዶ ደረቱ ላይ ተለጠፈ። ነጅዋ ከእናቷ ጋር ሄዳ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በኋላ በስልክ ያወሩ ጀመር። ወሬው እያጠረ ሄደ፤ ከዚያም ስልኩ ሲጠራ የሚያነሳ ጠፋ። እናቱ ከልክላው ነው ብላ አመነች። ማመኑም ይቀላት ነበር፤ ሌላ ሰው መካከላቸው ከገባ እሱ አልሄደም ማለት ነው።

አንድ እርድ ደግማ አወጣችና ወጋች። ስንጥሩ አለፈ።

«ደርሷል፣ አውጡት» አለች። እጇን በሳሙና አሸች፤ ቢጫው እንደሁልጊዜው አልለቀቀም። ሐዘን የሚመጣ መስሏት ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። ጥርሷን ያስነከሳት፣ ጀርባዋን ቀጥ ያደረገላት ንዴት።

—

የሚዛኑ ሱቅ ጨርቅም ቅመምም ይሸጣል። ሹክሪያ አንዲት ደንበኛ አስቁማ ሰማያዊ ጨርቅ ትለካለች። ነጅዋ ስትገባ ቀና ብላ አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ሻሹን፣ በመጨረሻ ቢጫ ጥፍሮቿን።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ሹክሪያ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። በሽማግሌ መላክ ይበቃ ነበር። እዚህ ድረስ መጥተሽ ልታሳዪኝ ነው?»

«ያለበሱኝ እርስዎ ነዎት። የሚያወልቁልኝም እርስዎ ይሁኑ ብዬ ነው።» ነጅዋ በባንኮኒው ላይ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «ይኸው።»

የሹክሪያ እጅ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። ነጅዋ እንዳቀረቀረች የሜትሩ ብረት ባንኮኒው ላይ ሲወድቅ ሰማች።

«እኔ ላውልቅልሽ? ልጄን ፊቱ ተበላሸ ብለሽ የተውሽው አንቺ፣ የማወልቀው እኔ? አላህን አትፈሪም?»

ነጅዋ ቀና አለች። «ማን ተወው?»

«አንቺ!»

«ማን አለ?»

«ራሱ ነዋ! ‹እማ፣ ነጅዋ ከብዷታል፣ ለመናገር አፍራ ነው፣ እኛ ቃሉን እንመልስላትና ትረፍ› ብሎ በእንባ የለመነኝ። ሐጂን እግራቸው ላይ ወድቆ የላካቸው እሱ አይደል?»

«እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለም ይለቅ ይሆን?» አለች ደንበኛዋ።

«ይለቃል! ነገ ነይ!»

ደንበኛዋ እየሳቀች ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ተያይተው አያውቁም።

«ሐጂ ለእኔ ‹የልጁ ቤት እጁን አንስቷል› ነው ያሉኝ» አለች ነጅዋ ቀስ ብላ። «እርስዎ መስለውኝ ነበር። የእርድ ቀቃይ ልጅ ስለሆንኩ።»

ሹክሪያ ሰማያዊውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች፤ ጫፍና ጫፉ አልገጥም አላት። «ብዬ ነበር» አለች። «አልዋሽሽም፣ ብያለሁ። ሌላ ቤትም ልጅ አይቼለት ነበር። ከዚያ ጅማ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቁስሉን ሲያጥቡት የሚጠራው እኔን መስሎኝ ነበር። አንቺን ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን እላለሁ?»

«አንድም ቀን አልተውኩትም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ምን ሆነብኝ ልጄ?» ይህን ያለችው ለነጅዋ አልነበረም። ከዚያ በአገጯ ወደ ውስጠኛው በር አመለከተች። «መጋዘን ነው። ኮረሪማ ይለቅማል። ግቢ። በሩን ክፍት ተይው፤ እኔ እዚህ ነኝ።»

ነጅዋ በባንኮኒው ዳር አለፈች። ስታልፍ ሹክሪያ እጇን ዘረጋችና ወደ ኋላ የተንሸራተተውን ሻሽ ወደ ግንባሯ ሳበችላት። እስከ መጋዘኑ በር ድረስ የዚያ እጅ ሙቀት ከነጅዋ ግንባር አልጠፋም።

—

ሻሚል ዱካ ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ኮረሪማ ይለያል፤ የተሰነጠቀውን አንድ ጣሳ ውስጥ፣ ሙሉውን ሌላ ጣሳ ውስጥ። የግራ እጁ ጭኑ ላይ ነው፤ ሁለት ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል። የሸሚዙ ቁልፎች አንድ አንድ ዘለው ተቆልፈዋል። ጥላዋ ሲያርፍበት ቀና አለና ወዲያው የግራ ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ።

«ማን አስገባሽ?»

«እናትህ። በሩም ክፍት ነው፤ አትፍራ።»

«አልፈራሁም።»

«እሺ፣ አልፈራህም። ዋሽተሃል ግን። ለእሳቸው እኔ ተውኩህ አልክ፤ ለእኔ እሳቸው ናቸው አስባልክ። ሁለት ሴት አጣልተህ ኮረሪማ ትለቅማለህ።»

አንድ ኮረሪማ ጣሳው ውስጥ ወደቀ። ሙሉው ነበር፤ የወደቀው ከተሰነጠቁት ጋር ነው።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔን ትጠይቀኝ ነበር።»

«ምን ልጠይቅሽ? ፊቴን አታዪም?» ዞረላት። ከጆሮው እስከ አንገቱ ያለው ቆዳ ያብረቀርቃል፤ የተጨማደደ ቦታ አለው፣ እንደ ብራና የተወጠረም አለው። «ይኸው። በቃ፣ ይሄ ነው።»

ነጅዋ አየችው። አይኗን አልነቀለችም፤ ግንባሩን፣ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን ቀስ ብላ አየች። ቀኙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሻሚል ጠዋት የተላጨው ጢም ከሰዓት የሚበቅልበት ሰው ነበር፤ ጓደኞቹ በዚህ ይቀልዱበት ነበር። እርድ ሊያይ ሲመጣ ያ አመድማ ጥላ ከጉንጩ ላይ አይጠፋም ነበር። አሁን የቀኝ ጉንጩ እንደ ልጅ ጉንጭ ለስላሳ ነው። የላጩት ቆዳ አይደለም፤ የላጩት ያስታውቃል።

«ይሄ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«የሸሸኸኝ ለጠባሳው አይደለም። እሳቱ በግራህ ነው የመጣው፤ እዚያው ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ቀኝህን አልነካውም። ሻሚል፣ የቀኝ ጉንጭህ ጢም የት ሄደ?»

እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ። ሌባ የተያዘ ይመስል ቶሎ መለሰው። ከሱቁ በኩል የሹክሪያ ሳል ተሰማ። እሱ ዝቅ ብሎ፣ ለኮረሪማው የሚናገር ይመስል ጀመረ።

«መጀመሪያ ቁስሉ ነው አልኩ። ቁስሉ ዳነ። ልብላ አልኩ፤ በላሁ፤ ሥጋዬ ግን አልተመለሰም። ድሮ በአንድ እጄ የማነሳውን ጆንያ አሁን አላንቀሳቅሰውም። እደክማለሁ። ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል፤ ዜና እየሰማሁ፣ ዳቦ እየቆረስኩ። ጢሜ ቆመ። ከዚያም…» ጣሳውን ገፋ አደረገ። «አትዪኝ።»

ነጅዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «አላይህም። ተናገር።»

«አንቺን አስባለሁ። በየቀኑ። ልቤ ያው ነው፤ ወላሂ ያው ነው። ሰውነቴ ግን ዝም ብሏል። መብራት እንደጠፋበት ቤት ነው፤ ማብሪያውን እጫናለሁ፣ የሚበራ ነገር የለም። እንደ ወንድ አይደለሁም፣ ነጅዋ። ኒካህ ሲታሰር ጉድለት ተደብቆ አይታሰርም። ደብቄ ላገባሽ አልችልም። ተናግሬ ደግሞ ቀና ብዬ መሄድ አልችልም። ስለዚህ ቃሉን መመለስ ነበረብኝ።»

ነጅዋ ልታለቅስ ትችል ነበር፤ ጊዜው ይህ አልመሰላትም። አንድ ጆንያ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወደ እሱ ዞረች።

«ተደብቆ አይታሰርም። እዚህ ላይ ልክ ነህ፤ አከበርኩህ» አለች። «አሁን ግን ተነገረ። ሰማሁ። ከዚህ በኋላ ያለው መልስ የእኔ ነው፤ የአንተ አይደለም። ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል እንጂ ጠያቂው ራሱ አይመልስለትም።»

«ለእናትሽ ብዬ ስለተቃጠልኩ ነው እንዲህ የምትዪው። ውለታ ነው።»

ነጅዋ ተቆጣች። ድምፅዋ ሱቁ ድረስ ተሰማ። «ለውለታ ሰው ዶሮ ይዞ ይመጣል! እናቴ አምጥታልሃለች፤ በልተሃል፤ አለቀ። ለውለታ ማን ያገባል? እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?»

ከወዲያ ሹክሪያ «እውነቷን ነው፣ ዶሮው መጥቷል» አለች።

የሻሚል አፍ ጥግ ሳያስበው ተንቀሳቀሰ። ሳቅ አልነበረም፤ ለሳቅ ግን ጎረቤት ነበር።

«ሐኪም ምን አለ?» ብላ ጠየቀች ነጅዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልጠየቅኩም።»

«ዓመት ሊሞላው?»

«እዚህ አማን ዶክተር ይትባረክ ይከታተለኛል። እጄን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ጠባሳውን ይነካካል። ከዚያ ሁልጊዜ ‹ሌላ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?› ይለኛል። ‹የለም› እላለሁ። ነርሷ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ምን ልበል?» ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። «ጓደኛዬ ናስረዲን ሰጠኝ፤ ክብደት የሚያነሳበት ቤት የሚወጉት ነው አለኝ። የወንድ መርፌ ነው አለኝ። ልወጋ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።»

ነጅዋ ብልቃጧን ተቀብላ አገላበጠቻት። «እጅህ ከአንተ ይሻላል። ይህችም ነገ አብራን ትሄዳለች።»

«አብራን?»

«አክስቴ ቤት አድራለሁ። ነገ አማን እንሄዳለን፤ እናትህም ይመጣሉ። እኔ ልናገርልህ እችል ነበር፣ አፍ አላጣም። ግን አልናገርልህም። ከአፍህ ይውጣ።»

ሻሚል ፊቱን አላዞረም። ግራና ቀኙን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሰጣት፤ እሷም ሁለቱን አንድ ላይ አየች፤ የምትወደው ያው አንድ ፊት ነበር።

—

ሐኪም ቤት በር ላይ ሹክሪያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እናንተ ግቡ። የእናት ጆሮ ያሳፍረዋል» አለች።

ዶክተር ይትባረክ ወጣት ነው፤ ሲያዳምጥ አንገቱን ያዘነብላል። የሻሚልን ጣቶች አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጠባሳውን ዳሰሰ። ከዚያ እንደለመደው «ሌላ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?» አለ።

ሻሚል ጉሮሮውን አጠራ። ነጅዋ መስኮቱን ታያለች። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ።

«አለ» አለ ሻሚል።

ዶክተሩ ቀና አለ። ነርሷን የሆነ ነገር እንድታመጣለት ላካትና በሩን ዘጋ። ወንበሩን አቀረበ። ሻሚል ተናገረ፤ በመጋዘኑ ካለው ያጠረ፣ የተቆራረጠ ነበር፤ ግን አንዱንም አልዘለለም።

«ጉድለት አይደለም» አለ ዶክተር ይትባረክ ሲጨርስ። «ከቃጠሎው የመጣ ነገር ነው። ብዙ ወንዶች ይደርስባቸዋል፤ የሚነግሩኝ ግን ጥቂት ናቸው። ቤት ሲቃጠል መንደሩ ሁሉ ውሃ ይቀዳል አይደል? የዚያን ቀን ማንም እህል አያስፈጭም፣ ማንም ገበያ አይወጣም። ሰውነትም እንደዚያ ነው። ትልቅ ቃጠሎ ሲደርስበት ያለውን ሁሉ ነፍስ ለማዳንና ቆዳ ለመዝጋት ያውለዋል። የጭንቀት ሆርሞኖች ይወጣሉ። ከአንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚሄደው ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በጣም ይወርዳል። ቁስሉ ድኖም ለወራት፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ጢም ይሳሳል፣ ፍላጎት ይጠፋል፣ ልብም ይከፋል። ማልቀስህም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።»

«ዳቦ ስቆርስ ያለቀስኩትም?»

«እሱም።»

ሻሚል በረጅሙ ተነፈሰ። ነጅዋ ይህን ትንፋሽ ከባለፈው በጋ ጀምሮ የያዘው መሰላት።

«ይመለሳል?» አለ።

«ብዙዎች ላይ ይመለሳል። ሁሉም ላይ ብዬ ግን አልምልልህም። ካልተመለሰም ሕክምና አለው። መጀመሪያ እንለካ። ይህ ሆርሞን ጠዋት ነው ከፍ የሚለው፤ ደሙ በማለዳ ይወሰዳል። ቁርስ በልተሃል?»

«እናቴ ሳልበላ አታስወጣኝም።»

«እናት አይደለች? ምን ታድርግ!» ዶክተሩ ሳቀ። «ነገ በማለዳ፣ ሳትበላ ና። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፤ ትንሽ ትጠብቃለህ።»

ነጅዋ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዶክተሩ አነበባትና ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ተወግተህ ቢሆን ሰውነትህ ‹ከውጭ እየመጣልኝ ነው› ብሎ የራሱን ጨርሶ ሊያቆም ይችል ነበር። ዘርህንም ሊነካው ይችላል። ሳይለኩ አይወጉም።» መሳቢያው ውስጥ ከተታት። «እዚሁ ትቅር።»

ሲወጡ ሹክሪያ ከአግዳሚው ተነሳች፤ ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ሞከረች። ሻሚል ቀድሟት ተናገረ። «እማ፣ ነገ ቁርስ የለም።» ሹክሪያ ምንም አልገባትም፤ ድምፁ ግን የልጇ ድምፅ ነበርና ማልቀስ ጀመረች።

—

የቡና ለቀማው አልቆ፣ እርዱ ግን ገና በየጓሮው እየተቆፈረ ሳለ፣ አንድ ቀን ሻሚል ወደ ቴፒ መጣ። ብቻውን ነው። ከሚዛን በሸኮ አድርጎ፣ በሞላ መኪና፣ ፊቱን በምንም ሳይሸፍን።

ከቃጠሎው ወዲህ እዚህ ግቢ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ቆመ። በርሜሉ ይፈላል፤ ከሥሩ እሳቱ ይነዳል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ እጁን ያነሳው ቤት!» አለች ሆሳዕና ጮክ ብላ። «ዛሬ እጅህን ይዘህ መጣህ?»

«ሁለቱንም ይዣለሁ» አለ ሻሚል።

ረቢያ እጇን እየጠረገች ወጣች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ እሱ ከፊቷ ቆመ። «እማ ረቢያ፣ ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ነበርኩ። በሽማግሌ ጀርባ ተደብቄ ነው ያፈረስኩት። ስለዚህ መጀመሪያ በራሴ አፍ ልጠይቅ መጣሁ።»

«ሐጂ ቢሰሙ ይቀየማሉ፣ ልጄ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። ‹በሸመገልኩበት መሳቂያ አደረግኸኝ› ብለው ተቆጥተዋል። አርብ ይመጣሉ።»

«ተቆጥተውም ይመጣሉ?»

«ምሳ ካለ ይመጣሉ፣ ብለዋል።»

ረቢያ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ሻሚል ወደ በርሜሉ ተራመደ። ነጅዋ አልከለከለችውም። ከእሳቱ ወላፈን ፊት ቆመ፤ የግራ ትከሻው ተሰበሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከምድጃው ያፈነገጠ አንድ ፍልጥ በቀኝ እጁ ወደ ውስጥ ገፋ። ሲቀና ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ውጤቱ መጣ» አላት። «ዝቅተኛ ነው።»

«ዶክተሩ ምን አለ?»

«ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ መነሳት ጀምሯል፣ ሆርሞኑ ግን ገና አልተከተለም አለኝ። ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ብላ፣ ተኛ፣ እጅህንና እግርህን አሠራ፣ ከክረምቱ በኋላ ደግመን እንለካለን አለ።» ውሃው ሲንተከተክ አየ። «ካልተከተለስ፣ ነጅዋ?»

«ካልተከተለ መድኃኒት እንዳለው ነግሮናል።»

«እሱም ካልሆነስ?»

ነጅዋ ለመመለስ አልቸኮለችም። ይህን ጥያቄ ብቻዋን ሆና ስንት ጊዜ ወደ ፊት ወደ ኋላ እንዳለችው እሷ ታውቃለች። «ያን ጊዜ እኔና አንተ አንድ ቤት ተቀምጠን እናወራለን» አለች። «ሽማግሌ ልከህ አታናግረኝም። እኔ የመረጥኩት ይሄን ነው። ሰምቼ፣ አውቄ፣ ቀን ለቀን አስቤበት። አሁን ደግሞ አንተ መልስ፤ ትቆያለህ?»

«እቆያለሁ» አለ። ወዲያው ነበር ያለው፤ እንደ ድሮው፣ ፊቷን እያየ።

ከብብቱ ሥር ይዞት የነበረውን ፌስታል አቀበላት። «እናቴ ናት የላከችልሽ። ለኒካሁ የሰፋችልኝ ሸሚዝ ነው። ቁልፎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ግራ እጄ አይዛቸውም። እናቴ ‹ልቆልፍልህ› አለች። በራሴ እጅ ነው የምቆልፈው አልኳት። ተለቅ ያሉ ቁልፎች ከሱቁ መርጣ ጨምራበታለች፤ ‹ቀዳዳውን የምታሰፋው ነጅዋ ናት፣ እጇ ጥንቁቅ ነው› አለች።»

«እትዬ ሹክሪያ? ስለዚህ እጅ?» ነጅዋ ቢጫ ጣቶቿን አነሳች።

«ስለዚያው።»

እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። ከእንፋሎቱ ርቃ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች፤ ሸሚዙ በጣም ነጭ ነበር። ደቃቆቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፣ ቀዳዳዎቹን በምላጭ ጫፍ አስፍታ ጠርዛቸውን በክር ዘመዘመች፣ ትልልቆቹን ሰፋች። ሻሚል ከበርሜሉ አጠገብ ከሆሳዕና ጋር ቆሟል። ሆሳዕና ጭልፋውን ሰጥታው አንድ እርድ አወጣ፤ በስንጥር ወጋው፤ ጠበቀ።

«ገና ነው» አላት።

«ታዲያ መልሰው፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሆሳዕና።

የመጨረሻውን ቁልፍ ስትሰፋ ነጅዋ እጅጌውን ገለበጠች። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አውራ ጣቷ ቢጫ ምልክት ትቷል። ልታስለቅቀው ጨርቅ አረጠበች። ሻሚል መጥቶ ከበረንዳው በታች ቆሞ ነበር፤ አየው።

«ተይው» አለ።

ተወችው። ሸሚዙን ሰጠችው፤ እሱም ጭኑ ላይ ዘርግቶ የመጀመሪያውን ቁልፍ በታጠፉት ጣቶቹ ያዘ። አመለጠው። ደግሞ ያዘው። ሦስተኛው ላይ ቁልፉ በቀዳዳው አለፈ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ እስከ ታች።

ነጅዋ ተቀብላው የተንጠለጠለውን ክር በጥርሷ በጠሰች። እጅጌውን በእጅጌው ላይ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ አድርጋ አጠፈችው፤ ፌስታሉ ውስጥ መልሳ፣ ጭስ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።